ውዱ ካሜራ ወይስ የአንሺው ዓይን?

መግቢያ

የፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ የመጀመሪያው አሳይመንት ውጤት የተለጠፈ ዕለት በኮሪደሩ ላይ የነበረውን ጉምጉምታ አብረውኝ የነበሩ ሁሉ ያስታውሱታል ብዬ እገምታለሁ። ጥሩ ያገኙት ዝም ብለው ሲሄዱ፣ ዝቅ ያለ ያገኘነው ግን ሁላችንም የምንናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እሱማ ካሜራ አለው!» የምትል። ከሁሉም በላይ ድምፁ ከፍ ብሎ የተሰማው የእኔ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ያቺ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እውነት እንደሆነች መመርመር ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ካሜራ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቀዋል። የሚሰጡት መልሶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ወገን «ገንዘብ ያለው ጥሩ ፎቶ ያነሳል» ይላል። ሌላው ወገን «ካሜራ ምንም አይደለም፣ ዋናው ዓይን ነው» ይላል። እኔ ሁለቱንም በየተራ አምኜባቸው ሁለቱም አሳፍረውኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእህቴ ሠርግ

ያን ውጤት ካየሁ በኋላ ቤት ገብቼ እናቴን አስቸገርኳት። እናቴ የሰፈር ዕቁብ አላት። ዕጣው ሊደርሳት ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። «በእሱ ካሜራ ግዢልኝ፣ ያለ ካሜራ ይህንን ትምህርት መጨረስ አልችልም» አልኳት። እሷም ለጊዜው እሺም እምቢም ሳትል «ቆይ፣ የእህትህ ሠርግ ይለፍ» አለችኝ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ፎቶ አንሺ እኔ ሆንኩ። የማታውቀውን ሥራ ደፍሮ መቀበል የተማሪ ጠባይ ነው መሰለኝ፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አንድ ትልቅ ባለሙያ ካሜራ ከነሌንሱ ለሁለት ቀን ተከራየሁ። ዋጋው ያኔ በኪሴ ከነበረው ገንዘብ በላይ ስለነበር ተበድሬ ጨመርኩበት። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። «ፎቶ አንሺው ይለፍ! ፎቶ አንሺው ይለፍ!» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ራሴን ባለሙያ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ከ600 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ሳያቸው ግን ወገቤ ቁርጥ አለ። በሰማያዊው ሸራ ድንኳን ውስጥ የተነሱት እንግዶች ፊታቸው ሰማያዊ መስሏል። ጭፈራው ላይ የተነሱት ተንቀሳቅሰው ደብዝዘዋል። ከሁሉም የከፋው የምርቃቱ ሰዓት ነው። ሙሽሮቹ ተንበርክከው የአያቴን ጉልበት ሲስሙ፣ አያቴ እጇን ዘርግታ ስትመርቅ በትክክል ሰዓቱ ላይ ደርሻለሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ ነው። የእህቴ ቬሎ ነጭ፣ የአያቴ ቀሚስና ነጠላ ነጭ፣ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች ጋቢ ነጭ። በፎቶው ላይ የነጠላው ጥለት እንኳ ክር በክር ይቆጠራል። የአያቴ ፊት ግን የለም። ዓይኖቿ ያሉበት ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ነው።

እህቴ ምንም አላለችኝም። አልበሙን ገልጣ አይታ ዘጋችው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ አያቴ አረፈች። ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ትልቅ ፎቶ ተፈለገና የሠርጉን ፎቶዎች ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የግማሽ ሰፈራችንን ጉርድ ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳለፉ አዩና ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህንን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

የካሜራውን ስም ከነቁጥሩ ነገርኳቸው። ትንሽም ኩራት ሳይኖርበት አይቀርም።

«ካሜራውማ ደህና ነው» አሉኝ። «ግን አንተ የኔ ልጅ፣ ለማን ብለህ ነው ያነሳኸው? ለነጠላው ነው ለፊታቸው?»

መልስ አልነበረኝም። «አውቶማቲክ ላይ ነበር እኮ» አልኩ።

«እሱ እኮ ሠርግ ይሁን ለቅሶ አያውቅም። ብርሃን ብቻ ነው የሚያየው። ፊት ፈላጊው አንተ ነህ።»

ፊቱን በኮምፒውተር ሊያወጡልኝ ሞከሩ። ፎቶው የተቀመጠው በጄፔግ ነበርና ጨለማው ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። ብርሃን ሲጨምሩበት ፊቷ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። በመጨረሻ ለለቅሶው የሰቀልነው ሌላ ፎቶ ነው። ያኔ 7ኛ ክፍል የነበረች የአክስቴ ልጅ በዚያው ዕለት ማምሻውን በእናቷ ስልክ፣ ያውም መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ያነሳችው ነው። አያቴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በበሩ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ፊቷን ያበራዋል። ፈገግ ብላለች። እሷው ነች፣ ምንም አልጎደላትም።

ጥፋቱ የት ላይ ነበር?

ከለቅሶው በኋላ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመላለስኩ። ከዚያ ያገኘሁትንና በኋላ ከመጻሕፍት ያመሳከርኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ካሜራ ውስጥ የብርሃን መለኪያ አለ። ይህ መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ስለዚህ የሚያየው ሁሉ በአማካይ ሲወሰድ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። በፎቶግራፍ ትምህርት ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚያንጸባርቅ ተደርጎ ይወሰዳል። እንግዲህ ፍሬሙ በነጭ ነጠላ ሲሞላ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ወደ ጥቁር ይወርዳል። ጥምቀት ላይ፣ መስቀል ላይ፣ ሠርግ ላይ የምናነሳቸው ፎቶዎች ፊታቸው የሚጠቁረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች በዚህ ረገድ ብዙ ተሻሽለዋል። ቢሆንም ነጭ ሲበዛባቸው ዛሬም ይሳሳታሉ።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛው በካሜራው ላይ ያለውን የብርሃን ማካካሻ «+1» ላይ ማድረግ ነው። «+1» ማለት ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ ማለት ነው። ሁለተኛው መለኪያው ከጠቅላላው ፍሬም ይልቅ ፊቷ ላይ ብቻ እንዲለካ ማድረግ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚቀለው አያቴን «ወደ በረንዳው ጥላ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ማለት ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ! በተከራየሁት ካሜራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ እኔ ግን አላውቃቸውም። ለሦስተኛው ደግሞ ካሜራም አያስፈልግ።

የድንኳኑም ነገር እንዲሁ ነው። በሰማያዊ ሸራ ያለፈ ብርሃን ሰማያዊ ነው። የእኛ ዓይን ቶሎ ስለሚለምደው አይታወቀንም፤ ካሜራው ግን ያየውን ይመዘግባል። የነጭ ሚዛን የሚባለውን ማስተካከል፣ አለዚያም ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ አፍ ማውጣት ይበቃ ነበር።

ባለ ፎቶ ቤቱ አንድ የድሮ ዜኒት ካሜራ አሳዩኝ። የብርሃን መለኪያው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። «ታዲያ በምን ይለካሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ግንባራቸውን ነኩ። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ቁጥር ላይ ማድረግ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ ነው። ፊልሙ 100 ከሆነ ፍጥነቱ 1/125 ሰከንድ ይሆናል። ደመና ሲሆን ቀዳዳውን አንድ ደረጃ መክፈት፣ ጥላ ሲሆን ደግሞ የበለጠ መክፈት ነው። ይህ ሕግ በዓለም ላይ የታወቀ ሲሆን በየትኛውም ካሜራ ይሠራል። «ፊልሙ ባለ 36 ነበር። አንዷ ብትበላሽ ከኪሴ ነው። ስለዚህ ሳላስብ አልጫንም ነበር» አሉኝ። እኔ በአንድ ቀን 600 ጊዜ ስጫን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ እናንተው ገምቱት።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሳው ሰው

ይህንን ስሰማ በክፍል የተማርነው የማሊው ፎቶግራፈር ሴይዱ ኬይታ ትዝ አለኝ። ኬይታ የመጀመሪያ ካሜራውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ከአጎቱ ነው። ትንሽ የኮዳክ ብራውኒ ነበረች። በ1948 ባማኮ ከተማ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። በኋላ የሚሠራበት ካሜራ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ፊልም የሚጎርስ ትልቅ ሳጥን ነበር። መጋረጃው መጀመሪያ ላይ የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። ብርሃኑ በአብዛኛው የግቢው የተፈጥሮ ብርሃን ነው። ፊልም ውድ ስለነበረም አንድን ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰውየው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ አንገቱን ወዴት እንደሚያዘነብል፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ሁሉ አስቀድሞ ይወስናል። እነዚያ ፎቶዎች ብዙ ዓመት ቆይተው በ1990ዎቹ ፓሪስ ላይ ሲታዩ ዓለም ተደነቀ።

ልብ በሉ፣ የኬይታ ትልቁ ካሜራ መጥፎ አልነበረም። ትልቅ ፊልም ዝርዝር ይይዛል። ቢሆንም ያ ካሜራ አንገት አያዘነብልም፣ ፊትን ወደ ብርሃን አያዞርም። ያንን የሚሠራው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐሳቤ ተገለባበጠ። «ካሜራ ምንም አይደለም!» የምል ሰው ሆንኩ። ለሁሉም ሰው የአክስቴን ልጅ ፎቶ እያሳየሁ እሰብክ ጀመር። ይህም ስህተት እንደሆነ ያሳየኝ ያው «ካሜራ አለው» ስንለው የነበረው የክፍላችን ልጅ ነው።

ካሜራ የተለዋወጥንበት ቀን

ይህ ጓደኛዬ ውዱን ካሜራ የላከለት አሜሪካ የሚኖር ወንድሙ ነው። ስብከቴን ሲሰለቸው «እሺ፣ እንለዋወጥ» አለኝ። እኔ የእሱን ያዝኩ፣ እሱ የእኔን አሮጌ ኪስ የምትገባ ዲጂታል ያዘ። ከግቢው በር ውጭ ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። እሷን አስፈቅደን ጠዋት 1 ሰዓት ላይና ማታ 1 ሰዓት ላይ በየተራ አነሳናት። ከዚያ ፎቶዎቹን ሁሉ በአንድ መጠን፣ 10 በ15 አሳጥበን ስም ሳንጽፍባቸው ለክፍል ጓደኞቻችን አቀረብንላቸው። «በውዱ ካሜራ የተነሳው የትኛው ነው?» አልናቸው።

የጠዋቶቹን ማንም መለየት አልቻለም። ምክንያቱም አይከብድም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ጥርት ብሎ ለመታተም በግምት 1,200 በ1,800 ነጥብ ይበቃዋል፤ ሁለት ሜጋፒክስል ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ አይታይም። እንዲያውም አብዛኞቹ «በውዱ የተነሳ ነው» ብለው የመረጡት እሱ በእኔ ካሜራ ያነሳውን ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርጎ፣ የጀበናው እንፋሎት እስኪነሳ ድረስ ጠብቆ ነው ያነሳው። እኔ ቆሜ ነው ያነሳሁት።

የማታዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። በላስቲኩ መጠለያ ሥር አንዲት አምፑል ብቻ ናት ያለችው። በእኔ ካሜራ የተነሱት፣ እሱ ያነሳቸውም ቢሆኑ፣ ደብዛዛና ነጠብጣብ የበዛባቸው ነበሩ። በእሱ ካሜራ የተነሱት ግን የልጅቷ ዓይን ውስጥ ያለችው የአምፑል ነጸብራቅ ሳትቀር ትታያለች። ሁሉም ወዲያው ለዩት። ስብከቴም እዚያው አበቃ።

በነገራችን ላይ ያን ዕለት አንድ ነገር ጠየቅኩት። ለአሳይመንቱ ያነሳው የመርካቶ ተሸካሚ ፎቶ ከየት እንደመጣ። ሦስት ጠዋት እንደተመላለሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ ሻይ አብሯቸው እንደጠጣ ነገረኝ። እኔ መርካቶ የሄድኩት አንዴ ነው፣ ያውም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ለ20 ደቂቃ። ኮሪደሩ ላይ «ካሜራ አለው» ብዬ የጮህኩት ለዚህ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እዚህም ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

ውድ መሣሪያ ግድ የሚሆንበት

እንግዲህ ሚዛናዊ ለመሆን ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛቸውን ነገሮች እንቁጠር።

አንደኛው የጨለማ ቦታ ነው። ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ እስከ 5.6 ብቻ ከሚከፈተው አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ይህ ማለት በአንዱ 1/10 ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ በሌላው በ1/100 ይነሳል ማለት ነው። በ1/10 ሰከንድ የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚነሳውም ሰው ይንቀሳቀሳል። ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ገብቶ ያለ ፍላሽ ያነሳ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ነገር ግን እዚህም ላይ አስተውሉ። 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ እስከ 1.8 የሚከፈተው ሌንስ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሚሸጧቸው ሌንሶች መካከል እጅግ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚያስፈልገውን ያወቀ ሰው ባነሰ ገንዘብ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን በስልክ ልታነሳ ብትሞክር የምታገኘው ሣር ላይ ያለች ቀይ ነጥብ ነው። እግር ኳስም እንዲሁ ነው። ረጅም ሌንስ የግድ ነው፣ እሱም ውድ ነው።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2000) ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ሮጠው በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። 27:18.20 እና 27:18.29። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አሸናፊ ሁለተኛውን የቀደመው እንኳ በ0.12 ሰከንድ ነበር። ይህን ያህል ጠባብ ልዩነት በመቶኛ ሰከንድ ለክቶ ለታሪክ ያስቀመጠው የመድረሻ መስመሩ ልዩ ካሜራ ነው እንጂ የማንም ዓይን አይደለም።

አራተኛው የሥራ አስተማማኝነት ነው። አቧራና ዝናብ የሚችል፣ ፎቶውን በሁለት ካርድ ላይ በአንዴ የሚመዘግብ ካሜራ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ቅንጦት አይደለም። ሠርግ አይደገምማ።

አምስተኛው ደግሞ መሣሪያ ራሱ ሁልጊዜ ገለልተኛ እንዳልሆነ ያስታውሰናል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ እያመሳከሩ ነበር። «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ለእሷ ፊት የተስተካከለ ቀለም ለጠይምና ለጥቁር ፊት አይስማማም ነበር። ያኔ በደንብ ያልወጣ ፎቶ ሁሉ የአንሺው ጥፋት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ስልክም ቢሆን ፊትን ለይቶ ብርሃኑን ለእሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም እንዳለው በኋላ ተረድቻለሁ። ግማሹን የሠራው በሩ ነው፣ ግማሹን ስልኩ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አያቷ ፈገግ ያለችበትን ሰዓት አውቃዋለች።

ካሜራ የማይገዛው

እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ግን የሚቀር ነገር አለ፤ ቦታው ላይ መገኘት። ለእኛ አገር ከሞሐመድ አሚን የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ኬንያዊ ባለሙያ ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለምን አንቀሳቀሰ። በዚያ ዘመን በትልልቅ ጣቢያዎች እጅ የነበሩ ካሜራዎች ከእሱ ካሜራ አያንሱም ነበር። ልዩነቱ እሱ ኮረም መድረሱ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሲቀርጽ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ሕይወቱ አለፈ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ አረፈ። ሁለት እጅ ይዘን «ካሜራ የለንም» ለምንል ተማሪዎች ይህ ሰው ብዙ ይነግረናል።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ ታይም መጽሔት ለሽፋኑ የመረጠው ቤንጃሚን ሎዊ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ነው። ይህንን «ስልክ ይበቃል» ብለው የሚጠቅሱ አሉ። እኔ የማነበው ግን ሌላ ነው። ሎዊ ከዚያ በፊት ኢራቅና አፍጋኒስታን ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ነው። ስልኩን ሁላችንም ልንገዛ እንችላለን፤ እነዚያን ዓመታት ግን የሚሸጥ የለም።

ማጠቃለያ

ታዲያ የቱ ይበልጣል? እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ውድ ካሜራ ብርሃን፣ ርቀትና ፍጥነት የሚከለክሉንን በር ይከፍታል። በሩ ከተከፈተ በኋላ የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምንጫን፣ ለነጠላው ወይስ ለፊቱ እንደምናነሳ ግን አይወስንልንም። የጀማሪ ፎቶ የሚከሽፈው ደግሞ በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው። ስለዚህ ካሜራ ከመግዛታችን በፊት የከሸፈ ፎቷችንን ይዘን ራሳችንን እንጠይቅ፦

1. ፎቶው የተበላሸው ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እችላለሁ?
2. ሁለት እርምጃ ብጠጋ፣ ጎንበስ ብል ወይም ሰውየውን ወደ ጥላ ባዞረው ይስተካከል ነበር?
3. በሌላ ሰዓት ተመልሼ ብመጣስ? አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ተጠግታ ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች። ለስላሳው ብርሃን እስከ 2 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ በነጻ ነው።
4. በእጄ ያለውን ካሜራ ቁልፎች በሙሉ አውቃቸዋለሁ?
5. እነዚህን ሁሉ አድርጌም አልሆነም? ያኔ የጎደለው መሣሪያ ነው። ያውም የትኛው መሣሪያ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ለዲፓርትመንታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ሰሌዳ አንዱን ጥግ ለፎቶ እንስጠው። በየሳምንቱ ማንም ተማሪ በስልክም ይሁን በካሜራ ያነሳውን አንድ ፎቶ 10 በ15 አሳጥቦ ይለጥፍ። የካሜራው ስም ግን አይጻፍ። ሥሩ ላይ ሁላችንም የታየንን እንጻፍ። መምህራኖቻችንም ቢጨምሩበት ደስ ይለናል። ከብዙ ጉምጉምታ ይልቅ ይህ የሚያስተምረን ይመስለኛል።

የእናቴ ዕቁብ ደረሳት። «ካሜራው እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ለጊዜው ይቅር፣ ገና ያለኝን አልጨረስኩትም» አልኳት። ሳቀችና እንዲህ አለችኝ። «እኔም እንጀራው ዓይን ሲያጣ ወዲያው ምጣድ አልቀይርም። መጀመሪያ ሊጡን ነው የማየው። ሊጡ ደህና ሆኖ ምጣዱ አልግል ካለ ግን፣ ያኔ ንገረኝ።»

ያን ሁሉ ገጽ የፈጀሁበትን ነገር እሷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

የአክስቴ ልጅ ያነሳችው ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። የእኔው ከእነ 600 ጓደኞቹ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። አልሰረዝኩትም። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር «ለማን ነው የማነሳው?» ብዬ እንድጠይቅ የሚያደርገኝ እሱ ነው። እናንተም የከሸፉ ፎቶዎቻችሁን አትሰርዙ፣ ይዛችኋቸው ወደ ሰሌዳው ኑ።

ቸር ያገናኘን።